አሌሳንድሮ ቮልታ፦ ከሐይቅ ጭቃ እሳት ያወጣው ሊቅ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ በአምባሰል ምድር የተኛውን ሰፊ ውኃና ወደ ውስጡ ዘልቆ የገባውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ባሕረ ገብ መሬት ሳያይ አያልፍም። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳሙን የትምህርት ምንጭ ካደረጉት ወዲህ ስለ ስፍራው ብዙ ተጽፏል። ስለ ውኃው ግርጌ የተነገረው ግን ጥቂት ነው። ሐይቁ 80 ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው፣ በምድር ገጽ ላይ የሚታይ መውጫ የለውም። ወንዝና ጎርፍ የሚያመጡለትን ሁሉ ይቀበላል፤ የተቀበለውንም መልሶ አያፈስስም። ወደ ጥልቁ አየር እንደ ልብ ስለማይደርስ፣ ከታች የሰፈረው ቅጠልና ደለል የሚበሰብሰው ያለ ኦክሲጅን ነው። እኛ በሙያችን አናኤሮቢክ የምንለው ይህ ብስበሳ የሚወልደውን ጋዝ መርምሮ ለዓለም ያሳወቀው፣ በሌላ አገር ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ነበር። የሕይወቱ ታሪክ ከዚህ ይከተላል፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሌሳንድሮ ቮልታ የካቲት 18 ቀን 1745 በሰሜን ኢጣልያ በኮሞ ከተማ ተወለደ። እስከ አራት ዓመቱ ድረስ አፉን ስላልፈታ ቤተሰቡ ዲዳ ይሆናል ብለው ሠግተው እንደነበር ይነገራል። አባቱ በሕፃንነቱ ሞተ። ዘመዶቹ ካህን ወይም የሕግ ሰው እንዲሆን ቢመኙም፣ የወጣቱ ልብ ያዘነበለው ወደ ተፈጥሮ ምርምር ነበር። በ1774 በኮሞ ትምህርት ቤት ተሾመ፤ በማግስቱም ዓመት የኤሌክትሪክ ኃይልን ደጋግሞ የሚያስገኝ መሣሪያ ሠርቶ ስሙን አስጠራ።

በ1776 መኸር በላጎ ማጆሬ ሐይቅ ዳር በጀልባ ሲንሸራሸር፣ በሸምበቆው መካከል ያለውን ጭቃ በበትር ቆሰቆሰው። ከጭቃው ውስጥ አረፋ ተነሣ። ሌላው ሰው አይቶ የሚያልፈውን እርሱ በጠርሙስ አጠራቅሞ እሳት ቢያስጠጋለት፣ በሰማያዊ ነበልባል ነደደ። ከብረትና ከአሲድ ከሚገኘው ተቀጣጣይ አየር የተለየ መሆኑንም በጥንቃቄ መርምሮ አስረዳ። ይህ ዛሬ ሚቴን የምንለው ጋዝ ነው። ቮልታ ጋዙ ከሚበሰብስ ዕፀዋት እንደሚመጣ ቢረዳም፣ ሥራውን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን መሆናቸውን ለማወቅ ዘመኑ ገና አልደረሰም ነበር።

ከዚያ በኋላ የፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። ጋልቫኒ የተባለው የቦሎኛ ሊቅ በሞተ እንቁራሪት እግር ላይ ያየውን መንፈራገጥ በእንስሳው ውስጥ ያለ ኤሌክትሪክ ነው ሲል፣ ቮልታ ምንጩ የሁለት ብረታ ብረቶች መነካካት ነው ብሎ ተከራከረ። ሐሳቡን ለማስረዳትም የብርና የዚንክ ዝርግ ክቦችን በጨው ውኃ በተነከረ ጨርቅ እያፈራረቀ ደረደረና በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ለዓለም አስታወቀ። በ1801 በፓሪስ በናፖሊዮን ፊት አሳየ፤ በኋላም የኮንትነት ማዕረግ ተሰጠው። በ1819 ከሥራ ተሰናብቶ መጋቢት 5 ቀን 1827 በተወለደበት አገር ዐረፈ። የኤሌክትሪክ መለኪያ በስሙ ቮልት ተባለ። ባትሪው ግን የሐይቁን ጋዝ ከሰው ትዝታ ሸፈነው።

ሆኖም የጭቃው እሳት ጨርሶ አልጠፋም። በ1895 በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ ዶናልድ ካሜሮን ፍሳሽን በተዘጋ ገንዳ ካበሰበሰ በኋላ የሚወጣው ጋዝ ለመብራት ዋለ። በ1970ዎቹ በሆላንድ ጋትዘ ሌቲንጋና ባልደረቦቹ፣ ፍሳሹ ከታች ወደ ላይ በዝቃጭ ውስጥ እያለፈ የሚጣራበትን ገንዳ ሠሩ። በአገራችንም ባዮጋዝ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ በአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ተሞከረ፤ የተስፋፋው የአዲስ አበባ የቃሊቲ ማጣሪያም የሌቲንጋን ዓይነት ገንዳ በመጀመሪያ ደረጃ ይጠቀማል።

ጥቅሙን ለባልደረቦቻችን በአጭሩ ብናስታውስ፣ በተለመደው ዘዴ አየር በሞተር እየተነፋ ስለሚገባ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ከሚፈርሰውም ቆሻሻ ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ዝቃጭ ይሆናል። ያለ አየር በሚሠራው ግን የዝቃጩ መጠን ከአሥር አንድ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው፤ መንፊያም አያስፈልግም። በኬሚካዊ የኦክሲጅን ፍላጎት ሲለካ 1 ኪሎ ግራም ቆሻሻ በፈረሰ ቁጥር፣ በንድፈ ሐሳብ እስከ 0.35 ሜትር ኩብ ሚቴን ይገኛል። ነዳጅ አስመጥቶ ፍሳሽ ከማጣራት፣ ከፍሳሽ ነዳጅ ማውጣት ለድኻ አገር እንደሚበጅ ግልጽ ነው።

ነገር ግን ውዳሴ ብቻ አያዋጣም። ዘዴው ሙቀት ይወዳል፤ በደጋ አገር ሥራው ይዘገያል። ሲጀመር ወራት ይጠይቃል። ጋዙ ካመለጠ ከባቢ አየርን ይጎዳል። ከሁሉ በላይ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ሳያስወግድ፣ ተላላፊ ተሕዋስያንንም በበቂ ሳይገድል ይተዋል። ወንዝ ባለበት ከተማ ይህ ጉድለት ወደ ታች ይፈስሳል፤ መውጫ በሌለው ውኃ ዳር ግን እዚያው ይከማቻል። በሐይቅ ከተማ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ይሠራ ቢባል፣ የጣራውን ውኃ ወደ ሐይቁ መልቀቅ አልጌን መመገብ፣ አልጌው ሲሞትም ለዓሣ የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ማሳጣት ይሆናል። እንግዲህ ከገንዳው ቀጥሎ ተሕዋስያንን የሚቀንስ ኩሬ፣ ከኩሬውም ቀጥሎ ፎስፈረሱን እንደ ማዳበሪያ የሚቀበል ማሳ ያስፈልጋል።

ቮልታ በበትሩ ጫፍ ያሳየን፣ የሐይቅ ግርጌ የጣልንበትን ሁሉ ያለ ድምፅ እንደሚሠራበት ነው። ያንን ሥራ ከሐይቁ በፊት፣ ክዳን ባለው ገንዳ ውስጥ መፈጸም የእኛ የባለሙያዎቹ ፈንታ ነው። አለዚያ ጋዙ ለማንም ሳይጠቅም ይተናል፤ ዋጋውን ግን የሚከፍለው ከእስጢፋኖስ ገዳም ግርጌ ያለው ውኃ ይሆናል።