ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የዳሞት ቤት የትውልድ ሐረግ

በዳሞት አገር ርስት የሚገኘው በትውልድ ቈጠራ ስለ ነበረ፥ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ምድር የሚኖር ገበሬ ፊደል ባይቈጥር እንኳ አባቶቹንና እናቶቹን መሬቱን መጀመሪያ እስከ ያዘው እስከ ዋናው አባት ድረስ ሳይደናቀፍ ይቈጥር ነበር። በአባቱ ወገን ያላገኘውን በእናቱ ወገን ይጠይቃል፤ ክርክሩም ዳኛ ፊት ሲቀርብ ከምስክር ይልቅ የትውልድ ሐረግ ይበረታ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የዚህን ቈጠራ ጥቅም አስቀረው፤ ልማዱ ግን እስከ ዛሬ በሽማግሎች አፍ አለ። እኔም በልጅነቴ በቅኔ ቤት ሳለሁ ከጐጃም የመጡት ባልንጀሮቼ ማታ በጎጆ ተሰብስበን የቅኔውን ቈጠራ ስንጨርስ፥ እነርሱ ደግሞ የትውልድ ቈጠራ ይጀምሩ እንደ ነበረ አስታውሳለሁ። ብዙ ጊዜም ቈጠራው ሄዶ ሄዶ ከአንድ ቤት ላይ ይደርስ ነበር፤ ይኸውም የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ነው።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬም ግቢ አለው። በዚያ የሚማሩት ወጣቶች የትምህርት ቤታቸውን ስም በየቀኑ ይጠሩታል፤ ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረውን ከተማ ደብረ ማርቆስ አሰኝተው የሰየሙትን ሰው ሕይወት ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ይመስሉኛል። ስለዚህ የዚህን ንጉሥ ታሪክ፥ ከአባቶቻቸው ጀምሬ፥ በአጭሩ ለመጻፍ ወድጃለሁ።

የቤቱ ሐረግ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ አይደለም። በአንድ ወገን ሲታይ ወደ ጐንደር ቤተ መንግሥት ይወጣል። የቋራዋ ተወላጅ እቴጌ ምንትዋብ፥ ዐፄ በካፋ ካረፉ በኋላ፥ ከመልመል ኢያሱ የወለዷት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የጐጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አገባች፤ ከእነርሱም ራስ ኃይሉ ተወለዱ። የጐጃም መኳንንት ሁሉ ወደ እኒህ ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ መቍጠርን እንደ ትልቅ ክብር ያዩት ነበር። በሌላው ወገን ደግሞ የዳሞቱ ደጃዝማች ዘውዴ አሉ፤ እሳቸውም የኦሮሞ ወገን እንደ ነበሩ ይነገራል። ደጃዝማች ዘውዴ የራስ ኃይሉን ልጅ አግብተው ደጃዝማች ጎሹን ወለዱ። እንግዲህ ቋራና ዳሞት፥ የጐንደር እቴጌና የዳሞት ባላባት፥ በአንድ ልጅ ተገናኙ ማለት ነው።

ዳሞት ራሱ ከሌላ ስፍራ የፈለሰ ስም መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የጥንቱ ዳሞት ከዓባይ በስተ ደቡብ የነበረ አገር ነው፤ ሕዝቡ በ16ኛው መቶ ዓመት ከደረሰው መፈናቀል የተነሣ ዓባይን ተሻግሮ በዛሬው ስፍራ ሲሰፍር የአገሩን ስም ይዞት መጣ። ጋፋት የሚባለውም ሕዝብ እንዲሁ ተሻግሮ ነበር። የጋፋት ቋንቋ በዚያው አገር ጥቂት በጥቂት ጠፍቶ፥ በ1930ዎቹ መጨረሻ ቮልፍ ሌስላው የሚባለው የቋንቋ ሊቅ ፈልጎ ሲመጣ የሚናገሩት አራት ሰዎች ብቻ ተገኙ። የአገው ወገን፥ የአማራ ወገን፥ የጋፋትና የኦሮሞ ወገን በአንድ ደጋ ላይ ተጋብቶና ተዋልዶ ስለ ኖረ፥ በዳሞት ንጹሕ ዘር ፈልጎ የሚወጣ ሰው ብዙ ይደክማል።

ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በዘመነ መሳፍንት ከታወቁት መኳንንት አንዱ ናቸው። አርኖ ዳባዲ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1830ዎቹ በሰፈራቸው ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የቤታቸውን ሥርዓት፥ የግብራቸውንና የዘመቻቸውን ነገር በመጽሐፉ በሰፊው ጽፎታል፤ ስለዚህም የጎሹ ቤት በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ሳይቀር የታወቀ ሆነ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ልጅ ከአባቱ ጋር የሚዋጋበት ጊዜ ነበረና ልጃቸው ብሩ ጎሹ ተቀናቃኛቸው ነበሩ። ደጃዝማች ጎሹ የራስ ዓሊን ትእዛዝ ተቀብለው ካሣ ኃይሉን፥ ማለት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉትን፥ ለመቅጣት ወደ ደምቢያ ሄዱ፤ በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ በጦርነት ላይ ወደቁ። ደጃዝማች ብሩም ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በዚያው በካሣ እጅ ተይዘው ታሰሩና፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ እስኪሞቱ ድረስ 14 ዓመት ያህል በእግር ብረት ኖሩ። የጎሹ ቤት በዚህ ጊዜ ያለቀለት ይመስል ነበር። በጐጃም የገነነው ሌላው ቤት፥ የተድላ ጓሉ ቤት ነበር፤ ተድላ ዐፄ ቴዎድሮስን እንደ ተቃወሙ ሳይገዙላቸው ኖሩ።

አዳል የተወለዱት ከጎሹ ሁለተኛ ልጅ ከደጃዝማች ተሰማ ጎሹ ነው። ቤቱ በወደቀበት ዘመን ያደጉ ልጅ ስለ ሆኑ፥ ከአባቶቻቸው የወረሱት ግዛት ሳይሆን ቈጠራው ብቻ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከዐፄ ቴዎድሮስ በኋላ የነገሡት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ግን ይህን ቈጠራ ዐወቁና ጐጃምን ለአዳል ሰጧቸው፤ እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀች ገብረ መድኅንንም ዳሩላቸው። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ በዓድዋ ድል ሲሆኑ የአዳልም ዕድል አብሮ ተገለበጠ። ዐፄ ዮሐንስ ጐጃምን ለተድላ ጓሉ ልጅ ለደስታ ተድላ ሰጡ። አዳል ሸፍተው ቈይተው ደስታን በጦር ገጠሙ፤ ደስታም ሞቱ። ዐፄ ዮሐንስም ነገሩን መርምረው፥ አገሩ ለአዳል እንደ ተገዛ ባዩ ጊዜ የራስነት ማዕርግ ሰጥተው አጸኗቸው።

በጥር ወር 1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጐጃምና የከፋ ንጉሥ ሆነው ዘውድ ጫኑ። ጐጃምን በእርግጥ ይገዙ ነበር፤ ከፋ ግን ገና በእጃቸው ያልገባ አገር ነበረ። እንዲህ ያለ ማዕርግ መሰጠቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በስተ ደቡብ እየሰፉ ስለ ሄዱ ዐፄ ዮሐንስ ሚዛኑን የሚጠብቅ ሌላ ንጉሥ ፈለጉ። ከጊቤና ከከፋ የሚመጣው ቡና፥ ወርቅ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በጉዱሩ አልፎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ባሶና ወደ ቡሬ ገበያ ይወጣ ነበር፤ ቡሬም የከበረችው በዚህ መንገድ ነው። በዚያው መንገድ ባሪያ ተብለው የሚነዱ ሰዎችም ያልፉ ነበር፤ ይህንን ደግሞ መደበቅ አይገባም። መንገዱን የያዘ ሀብቱን ይይዛልና ሁለቱ ነገሥታት በእርሱ ላይ ተፋጠጡ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጦር አለቃ ራስ ደርሶ የሰበሰቡትን ግብር የንጉሥ ምኒልክ ወገን የሆኑት ራስ ጎበና ዳጬ ቀሟቸው፤ ከዚህ በኋላ ነገሩ በሽምግልና የሚበርድ አልሆነም።

ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ በእምባቦ ሜዳ ተዋጉ። የራስ ጎበና ፈረሰኛ በዚያ ቀን ብዙ ሠራ፤ የጐጃም ጦርም ተሸነፈ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቈስለው ተማረኩ። ንጉሥ ምኒልክ ቍስላቸውን በገዛ እጃቸው እንዳጠቡላቸው በሁለቱም ወገን ይተረካል፤ ክብራቸውን መጠበቃቸው ግን በታሪክ የታወቀ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ሁለቱን ነገሥታት ያለ ፈቃዳቸው ስለ ተዋጉ ተቈጥተው ከሁለቱም ግዛት ቀነሱባቸው፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ተፈተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዓባይ ማዶ የነበራቸው ተስፋ ግን በዚያ ቀን ተቈረጠ። ዛሬ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው ጐዳና ዓባይን በድልድይ ያሻግራል፤ በዚያ ጊዜ ግን ወንዙ በክረምት ሲሞላ የተሸነፈን ጦር ወደ አገሩ የሚያሳልፍ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን የዚህን ንጉሥ ሕይወት ለሚመረምር ሰው ከሁሉ የከበደው ነው። የምዕራቡን ድንበር ከደርቡሽ የመጠበቅ ሥራ በእሳቸው ላይ ወደቀ። በጥር 1879 ዓ.ም. በመተማ ድል አደረጉ፤ የደርቡሽ አለቃ ወድ አርባብም በዚያ ሞተ። በዓመቱ ግን ሐምዳን አቡ አንጃ ብዙ ጦር ይዞ መጣና በጥር 1880 ዓ.ም. በደምቢያ በሳር ውሃ ንጉሡን ድል ነሣ፤ ከቤተ ሰባቸው ሳይቀር ተማረከባቸው፤ ጐንደርም ተዘረፈች፥ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። በዚህ ጊዜ ዐፄ ዮሐንስ በምሥራቅ በኩል በምጽዋ ጣሊያንን ሲጠባበቁ ነበር። ንጉሡ ብቻቸውን እንደ ተተዉ ቈጠሩት፤ ከትናንት ማራኪያቸው ከንጉሥ ምኒልክ ጋርም ተላላኩ። ዐፄ ዮሐንስ ይህን በሰሙ ጊዜ በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጐጃም ተሻግረው አገሩን አጠፉ። ንጉሡ በአምባ ተቀመጡ፤ ጦሩ የተመገበው ግን ከገበሬው ጐተራና ከገበሬው በረት ነው። ኋላ ታርቀው ዐፄ ዮሐንስ ወደ መተማ ወረዱና በመጋቢት መጀመሪያ በዚያ ሞቱ።

ንጉሡ ጥፋተኛ ነበሩን? ብዙ ጊዜ ይህን ሳስብ ፍርዱ ወዲያና ወዲህ ይልብኛል። ከንጉሠ ነገሥቱ ተደብቆ ከሌላ ጋር መማከር በሹመት ሕግ ክሕደት ነው። ነገር ግን በሳር ውሃ የፈሰሰው የጐጃም ደም ነበር፤ ለዚያም ደም የተከፈለው ዋጋ የአገሩ መዘረፍ ሆነ። ወዲያው ደግሞ የከብት እልቂት ደረሰ፤ ክፉ ቀን ተብሎ የሚጠራውም ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. ቈየ። የዳሞት ገበሬ ከሁለቱ ነገሥታት የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ለመመርመር ጊዜ አላገኘም።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሰላም ቀን ከተማቸውን አስፋፉ፤ የደብረ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። የጐጃም የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤ በእሳቸው ዘመን ደመቀ። በዚያው ዘመን የገነነችው ደብረ ኤልያስ በኋላ ምን ያህል ሰው እንዳፈራች ካህናት ሁሉ ያውቃሉ፤ ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና ባለቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚያ ተወለዱ፥ ሐዲስ ዓለማየሁም በዚያ ተማሩ።

ይልቁንም የአንድን ሰው ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። የጐጃም ጦር ከዓባይ ማዶ በሚዘምትበት ጊዜ ከኦሮሞ አገር ተማርከው ከመጡት ልጆች አንዱ የዋቅጅራ ልጅ ነበር። ይህ ልጅ በጐጃም አደገ፤ ክርስትና ተነሣ፥ ትምህርት ገባ፥ ሠዓሊና የታሪክ ጸሐፊ ወጣው፤ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የተባሉት ታላቅ ሊቅ እሳቸው ናቸው። የጐጃምን ትውልድ በሙሉ ከዓባይ እስከ ዓባይ ቈጥረው የጻፉት፥ የማረካቸውን ንጉሥ ቤት ሐረግ ከአባት ወደ አባት ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። መጽሐፋቸው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በሊቃውንት ተመርምሮ ታትሟል። ከወገኑ የተነጠቀ ልጅ የሌላውን ሁሉ ወገን ሰብስቦ በመጽሐፍ ማኖሩን ሳስብ እደነቃለሁ፤ የአባታቸውንም ስም ዋቅጅራን አልተዉትም።

ዐፄ ምኒልክ ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገቡላቸው፤ ንግሥናቸውም ጸናላቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከጐጃም ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። በጥር ወር 1893 ዓ.ም. ዐረፉ። ከእሳቸው በኋላ በጐጃም ንጉሥ የተባለ የለም። ዐፄ ምኒልክ ግዛቱን ከፋፈሉት፤ ልጃቸው ራስ በዛብህ ከፊሉን አግኝተው ኋላ ተሽረው ታሰሩ፤ ዳሞትና አገው ምድር ለራስ መንገሻ አቲከም ተሰጠ። ቀድሞ ስዩም ይባሉ የነበሩት ሌላው ልጃቸው ራስ ኃይሉ ቈይተው ጐጃምን አገኙና እስከ 1924 ዓ.ም. ገዙ፤ በዚያ ዓመት ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እንዲያመልጡ ረድተዋል ተብለው ተሻሩ።

ጣሊያን በመጣ ጊዜ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ራስ ኃይሉ ከጠላት ጋር ሆኑ። የወንድሞቻቸው ልጆች ልጅ ነጋሽ በዛብህና ልጅ ኃይሉ በለው ግን ዱር ገብተው የጐጃም አርበኞች አለቆች ሆኑ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል መጡ፤ በየካቲት መጨረሻ ጠላት ቡሬን ለቀቀ። ጦሩ ቀድሞ ወጀት ይባል በነበረው፥ በኋላም ፍኖተ ሰላም በተባለው ስፍራ አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። በዚያም በአባታቸው ከተማ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ቀርበው ለንጉሠ ነገሥቱ እጅ ነሡ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተወስደው እስኪሞቱ ድረስ በቁም ተቀመጡ።