ማክስ ፕላንክና የዕውቀት ድንበር

ተማሪዎች፣ የምትወዱት የትምህርት ዓይነት ከእንግዲህ የሚመረመር ነገር አልቀረውም ብትባሉ ምን ታደርጉ ነበር? በ1874 ዓ.ም. (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የጀመረው ማክስ ፕላንክ የገጠመው ይህ ነበር። ፊሊፕ ፎን ዮሊ የተባሉትን የፊዚክስ መምህር ባማከራቸው ጊዜ፣ ዋናው ሥራ ስለ ተጠናቀቀ የሚቀረው ጥቃቅን ክፍተቶችን መሙላት ብቻ እንደ ሆነ ገለጹለት። ወጣቱ ግን ምኞቱ አዲስ ነገር ማግኘት ሳይሆን የታወቀውን በሚገባ መረዳት ስለ ነበር በሐሳቡ ጸና።

ፕላንክ የተወለደው በ1858 ዓ.ም. ዛሬ በሰሜን ጀርመን በምትገኘው የኪል ከተማ ነው። አባቱ የሕግ መምህር ነበሩ። ፕላንክ በ21 ዓመቱ የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ፤ በ1889 ዓ.ም. ደግሞ በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ።

ብረት ቀጥቃጭ ብረትን በእሳት ሲያግል አይታችሁ ይሆናል። ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ነጭ ያደላል። የብርሃኑ ቀለም ከሙቀቱ ጋር የሚለዋወጠው በምን ሕግ ነው? የዘመኑ ፊዚክስ ለዚህ ጥያቄ የተሟላ መልስ አልነበረውም። ፕላንክ ለዓመታት ከደከመ በኋላ ዲሴምበር 14 ቀን 1900 ዓ.ም. በበርሊን ለተሰበሰቡ የፊዚክስ ሊቃውንት መፍትሔውን አቀረበ። በስሌቱ መሠረት ጉልበት እንደ ውሃ ሳይቋረጥ የሚፈስ ሳይሆን፣ እንደ እህል በፍሬ በፍሬ የሚቆጠር ሆነ። ይህም ፍሬ ኳንተም ተባለ።

ፕላንክ ራሱ ውጤቱን በቀላሉ አልተቀበለውም። የቀድሞውን ፊዚክስ አክባሪ ስለ ነበር ሁለቱን ለማስታረቅ ብዙ ዓመት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሆኖም ለሚወደው ሐሳብ ሲል የደረሰበትን እውነት አልካደም። የ1918 ዓ.ም. የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትም ለእርሱ ተሰጠ።

ኑሮው ግን በሐዘን የተሞላ ነበር። ሚስቱ በ1909 ዓ.ም. ሞተችበት። ልጁ ካርል በ1916 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቀ። መንትያ ሴቶች ልጆቹም አንደኛዋ በ1917፣ ሁለተኛዋ በ1919 ዓ.ም. ከወሊድ በኋላ ዐረፉ።

ፕላንክ በ1930ዎቹ ዓመታት ባደረጋቸው ንግግሮች፣ ሳይንስ እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል መረመረ። በእርሱ አስተያየት ከእኛ ውጭ እውነተኛ ዓለም አለ፤ ሳይንስም ወደዚያ ይቀርባል እንጂ ፈጽሞ አይደርስበትም። ምክንያቱም መርማሪው ሰው ራሱ የሚመረምረው ተፈጥሮ አካል ነው። ይህን ለመረዳት ተቆጥታችሁ ሳላችሁ ቁጣችሁን ለመመርመር ሞክሩ። መመርመር እንደ ጀመራችሁ ቁጣው መልኩን ይለውጣል። የትናንቱን ቁጣ መንስኤ መፈለግ ይቻላል፤ የአሁኑን ሐሳብ ግን ሳይነኩት ማየት አይቻልም። ፕላንክ ንቃተ ኅሊናን ከቁስ አካል የተገኘ ነገር አድርጎ ሳይሆን የሁሉ መነሻ አድርጎ ያየው ነበር።

በእርጅናው ሌላ መከራ መጣበት። በ1944 ዓ.ም. የበርሊን ቤቱ በአውሮፕላን ድብደባ ተቃጠለ። ኤርቪን የተባለው ልጁ ሂትለርን ለመግደል በተደረገው ሴራ ተካፍለሃል ተብሎ በጃንዋሪ 1945 ዓ.ም. በስቅላት ተገደለ። ፕላንክ ግን ከጦርነቱ በኋላም በየከተማው እየተዘዋወረ ንግግር ማድረጉን ቀጠለ። ኦክቶበር 4 ቀን 1947 ዓ.ም. በ89 ዓመቱ በጌቲንገን ከተማ ዐረፈ። በ1948 ዓ.ም. በጀርመን የተቋቋመው ታላቅ የምርምር ማኅበር በስሙ ተጠርቷል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዕውቀት ተጠናቀቀ የተባለው ሰው አዲስ በር ከፈተ፤ በሩን የከፈተውም ሰው ዕውቀት ድንበር እንዳለው አስተማረ። ድንበሩን ማወቁ ግን ከምርምር አላስቆመውም።

ጥያቄዎች

1. መምህሩ ለፕላንክ የሰጡት ምክር ትክክል እንዳልነበረ የታየው በምንድን ነው?
2. በአራተኛው አንቀጽ «ሆኖም» የሚለው ቃል የትኞቹን ሁለት ሐሳቦች ያያይዛል?
3. የማትወዱትን እውነት ለመቀበል የተገደዳችሁበትን ጊዜ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።