እብድ የተባሉት ሰይድ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፡፡ ነገር ግን ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ብዙም አንጠይቅም፡፡ እንግሊዞች ሃያ ዓመት አሳደው ሊይዟቸው ያልቻሉትን ሰው እብዱ ሙላህ አሏቸውና ስሙ በጋዜጦቻቸውና በመጻሕፍቶቻቸው ዓለምን ዞረ፡፡ ሶማሌዎች ግን ሰይድ ይሏቸዋል፡፡ ሙሉ ስማቸው ሰይድ ሙሐመድ አብዱሌ ሐሰን ነው፡፡

ስለ ቅኝ አገዛዝ ሲነሳ እኛ ኢትዮጵያውያን ከዓድዋ ጀምረን እዚያው ዓድዋ ላይ መጨረስ ይቀናናል፡፡ እኔ ዛሬ ከጅግጅጋ መነሳት እፈልጋለሁ፡፡ ከጅግጅጋ ሲታይ ታሪኩ ገዢና ተገዢ ተብሎ ለሁለት ብቻ የሚከፈል አይደለም፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

የሰይድ ሙሐመድ የትውልድ ዓመት 1856 ነው የሚሉም 1864 ነው የሚሉም አሉ፡፡ በአባታቸው የኦጋዴን፣ በእናታቸው የዱልባሃንቴ ጎሳ ተወላጅ ናቸው፡፡ በልጅነታቸው ቁርዓን አጠኑ፣ ገና ወጣት ሳሉም አስተማሪ ሆኑ፡፡ እውቀት ፍለጋ ሐረርን፣ ሞቃዲሾንና ሱዳንን አዳርሰው በ1890ዎቹ አጋማሽ መካ ገቡ፡፡ እዚያም ከሼክ ሙሐመድ ሳሊህ ተገናኝተው የሳሊሂያ ጠሪቃ ተከታይ ሆኑ፡፡

ወደ በርበራ ሲመለሱ ከተማዋ በእንግሊዝ እጅ ነበረች፣ የካቶሊክ ሚሲዮንም ወላጅ አልባ ልጆችን ሰብስቦ ያሳድግ ነበር፡፡ ሰይዱ ጎሳቸው ምን እንደሆነ የጠየቋቸው ልጆች የአባቶች ጎሳ ነን ብለው፣ የሚያሳድጓቸውን ቄሶች ማለታቸው ነው፣ እንደመለሱላቸው ይነገራል፡፡ ታሪኩ በአፍ የተላለፈ ነው፡፡ ሆኖም የሰውየው ቁጣ ከምን እንደተነሳ በደንብ ያሳያል፡፡ ጎሳውን የማያውቅ ልጅ ለሶማሌ አርብቶ አደር አገር እንደሌለው ሰው ነው፡፡

በዚያው ሰሞን በአርብቶ አደሩ ሕይወት ላይ ሌላ ነገር ተወሰነ፡፡ በ1897 የእንግሊዙ መልዕክተኛ ሬኔል ሮድ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር ውል ተፈራረመ፤ የድንበሩም ጉዳይ ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር አለቀ፡፡ መስመሩ የተሰመረው ከጅግጅጋ ወደ ምሥራቅ በሚዘረጋው የሀውድ ግጦሽ ላይ ነው፡፡ ሀውድ በዝናብ ጊዜ ሣር ይትረፈረፍበታል፣ በበጋ ግን ውኃ የለውም፡፡ በክረምት እዚያ የሚያሰማሩት ጎሳዎች በበጋ ወደ ሰሜን፣ በእንግሊዝ በኩል ወደቀሩት ጉድጓዶች ይመለሳሉ፡፡ ሣሩ በአንድ መንግሥት፣ ውኃው በሌላው ሥር ሆነ ማለት ነው፡፡ ውሉ ጎሳዎቹ መስመሩን ተሻግረው ማሰማራት እንደሚችሉ ቢፈቅድም፣ ሲፈረም አንድም የሶማሌ ሽማግሌ አልተጠየቀም፡፡ እንግሊዝ ከአሥር ዓመት በፊት ከነዚሁ ጎሳዎች ጋር የጥበቃ ውል የተፈራረመች መሆኗን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ያስገርማል፡፡

ሰይዱ በ1899 ቡርኦ ላይ ተከታዮቻቸውን ሰብስበው ጂሃድ አወጁ፣ ሠራዊታቸውንም ደርቪሽ ብለው ሰየሙ፡፡ የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያቸው ግን ከእንግሊዝ ጋር አልነበረም፡፡ እሳቸውን ሊይዝ የወጣው የኢትዮጵያ ጦር ሳያገኛቸው ቀርቶ የመሐመድ ሱቤር ጎሳን ግመሎች ነድቶ ተመለሰ፡፡ ጎሳው አቤት አላቸው፡፡ በመጋቢት 1900 ደርቪሾቹ በግራዝማች ባንቴ የሚታዘዘውን የጅግጅጋ ምሽግ አጠቁ፡፡ በጠመንጃ ተኩስ ብዙ ሰው ቢያልቅባቸውም የተዘረፈውን ከብት አስመለሱ፣ ዝናቸውም በኦጋዴን ናኘ፡፡

ከዚህ በኋላ የሆነውን በመማሪያ መጻሕፍት ብዙም አናገኘውም፡፡ ከዓድዋ ድል በአምስት ዓመቱ፣ በ1901፣ የኢትዮጵያ ጦር ከእንግሊዝ ጋር ተባብሮ ሰይዱን ለመያዝ ዘመተ፤ በ1903ም ደገመው፡፡ ከዘማቹ ጋር የእንግሊዝ መኮንኖች አብረው ነበሩ፡፡ ምኒልክ የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ኦጋዴንን ግዛቴ ነው ይሉ ነበርና ምሽጋቸውን የሚያጠቃን ኃይል ዝም ብለው ማየት አይችሉም፡፡ በግመል ጠባቂው ዓይን ግን አዲስ አበባ፣ ለንደንና ሮም በአንድ ወገን የተሰለፉ ነበሩ፡፡ ይህን መናገር የዓድዋን ክብር የሚቀንስ አይመስለኝም፡፡

ሚያዝያ 17 ቀን 1903 በገላዲ አቅራቢያ ጉምቡሩ በተባለ ስፍራ የኮሎኔል ፕለንኬት ጦር ተደመሰሰ፣ ኮሎኔሉም ሞተ፡፡ በጥር 1904 ጂድባሊ ላይ ደግሞ ደርቪሾች ክፉኛ ተመቱ፡፡ በ1905 ሰይዱ ከጣሊያን ጋር ውል ገብተው በኑጋል ሰፈሩ፤ ሰላሙ ግን አልቆየም፡፡ በ1909 የመካው መምህራቸው ሼክ ሙሐመድ ሳሊህ የጻፉት የውግዘት ደብዳቤ ተሠራጨ፡፡ በ1910 እንግሊዝ ወጪው ሲከብዳት ወደ ባህሩ ዳርቻ አፈገፈገችና ለወዳጅ ጎሳዎች ጠመንጃ አድላ ሄደች፡፡

ከዘመኑ ሁሉ የከፋው ይህ ነበር፡፡ ጎሳ ከጎሳ ተላለቀ፣ ረሃብ ተከተለ፡፡ ከእንግሊዝ ሶማሊላንድ ወንድ ሕዝብ ሲሶው እንዳለቀ ብዙ ጸሐፊዎች ይገምታሉ፡፡ ከደሙ የሰይዱም ድርሻ አለበት፤ ያልተከተላቸውን ሶማሌ ከሃዲ እያሉ አስዘርፈዋል፣ አስገድለዋልም፡፡ ጠመንጃ አድሎ ዞር ያለው ገዢ ግን በታሪክ መጻሕፍቱ ውስጥ እብድ አልተባለም፡፡

በነሐሴ 1913 ዱል ማዶባ ላይ የእንግሊዙ አዛዥ ሪቻርድ ኮርፊልድ ተገደለ፡፡ ሰይዱ በሞቱ ላይ የገጠሙት ግጥም እስከ ዛሬ በቃል ይነበነባል፡፡ ለሶማሌ ሰው እሳቸው ከተዋጊነታቸው ባልተናነሰ ባለቅኔ ናቸው፡፡

የእኛ ቤት ፖለቲካም አንድ ጊዜ ወደ እሳቸው ዞሮ ነበር፡፡ በ1916 ልጅ ኢያሱ ፊታቸውን ወደ ሐረርና ወደ ሶማሌው ምድር ባዞሩበት ጊዜ ለሰይዱ መሣሪያ ልከዋል ተብለው ተከሰሱ፡፡ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ተቃውሟቸውን አሰሙ፣ ኢያሱም በዚያው መስከረም ከሥልጣን ወረዱ፡፡

መጨረሻው ከሰማይ መጣ፡፡ በጥር 1920 የእንግሊዝ አየር ኃይል 12 አውሮፕላኖች አምጥቶ የደርቪሾችን ምሽጎች ደበደበ፤ ታሌህ በየካቲት ወደቀች፡፡ ሰይዱ ወደ ኦጋዴን ሸሹ፡፡ የቀሩትን ተከታዮቻቸውን በሽታና የጎሳ ወረራ ጨረሰባቸው፡፡ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሸበሌ ወንዝ አጠገብ፣ ኢሚ ላይ፣ በኢንፍሉዌንዛ እንደሞቱ ይነገራል፡፡ በአልጋቸው ሞቱ እንጂ ማንም አልማረካቸውም፡፡

የ1897ቱ መስመር ግን ከሁሉም በላይ ዕድሜ አገኘ፡፡ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንግሊዞች ጅግጅጋን እስከ 1948፣ ሀውድን እስከ 1955 ይዘው ቆዩ፡፡ በ1977 ሰይዱን እንደ ብሔራዊ ጀግና ያነገሠው የዚያድ ባሬ መንግሥት ጅግጅጋን በጦር ያዘ፣ እስከ መጋቢት 1978ም ቆየ፡፡ ስማቸውን ማንሳት ለብዙዎቻችን የጠላትን ስም ማንሳት የመሰለው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል፡፡

እሳቸው ግን የተቀበሩት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ጅግጅጋም በኋላ ሐውልት አቁማላቸዋለች፡፡ ቅዱስም እብድም ብሎ መጥራት ያልሞቱለትን ነገር እንደመስጠት ነው፡፡ እኔ የምለው፣ የዓድዋን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር በሐርሺንና በቶጎ ውጫሌ በኩል ግመሉን እየነዳ ዛሬም ያንን መስመር የሚሻገረውን ሰው አያት እንጨምርበት፡፡ የመሬቱ ውል ሲፈረም እሱን የጠየቀው አልነበረም፡፡