ከጦሩ ጋር የመጣው የድንጋይ ሊቅ

ከካዛንችስ ወደ ቡልጋሪያ የሚመላለስ ተማሪ በየሰፈሩ መንገድ የተነጠፈውን ጥቁር ድንጋይ በየቀኑ ይረግጠዋል። ይህ ዓይነቱ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ መሆኑን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን። ደጋውን ያለበሰው ጥቁር ድንጋይ በምን ላይ እንደ ተነጠፈ ለይቶ፣ ለየንብርብሩም ስም አውጥቶ በመጽሐፍ ያሳተመው ሰው ማን እንደ ነበረ ግን ከመካከላችን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የዊልያም ቶማስ ብላንፎርድን ሕይወት ለባልንጀሮቻችን ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዓመቱን የምንቈጥረው፣ ዓመተ ምሕረት ብለን ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን ነው።

ብላንፎርድ በ1832 በሎንዶን ተወለደ። በወጣትነቱ በኢጣልያ አገር በአንድ የንግድ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ፣ ንግዱን ትቶ በ1852 በሎንዶን የማዕድን ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያም በጀርመን አገር በፍራይበርግ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1855 ከወንድሙ ከሄንሪ ጋር በሕንድ የመሬት ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ሄደ።

በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ ወንድማማቾች በታልቺር የድንጋይ ከሰል ሲፈልጉ አንድ እንግዳ ነገር ገጠማቸው። በደቃቅ ጭቃ መካከል ታላላቅ ቋጥኞች ተቀብረው አገኙ። ጭቃውን በቀስታ ያወረደ ውሃ ያን የሚያህል ቋጥኝ ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ቋጥኞቹን ያመጣቸው በረዶ መሆን አለበት ብለው ጻፉ። በፀሐይ በሚነድ አገር በረዶ ነበረ ማለት ለብዙ ሊቃውንት የማይታመን ነበር። በኋላ ግን በግግር በረዶ የተፋቀና የተቧጠጠ ድንጋይ እዚያው ሕንድ ውስጥ ስለ ተገኘ ነገሩ ጸና። የአንድ አገር አየር ለዘላለም እንደ ዛሬው እንዳልነበረ ብላንፎርድ የተማረው ገና በሃያ አራት ዓመቱ ነው።

በ1867 የእንግሊዝ መንግሥት በዓፄ ቴዎድሮስ ላይ ጦር ሲያዘምት፣ ብላንፎርድ ከጦሩ ጋር ሄዶ የአገሩን ድንጋይና እንስሳ እንዲመረምር ታዘዘ። በ1868 መጀመሪያ ዙላ ላይ ወርዶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በእንጣሎና በአሸንጌ በኩል እስከ መቅደላ ዘለቀ። ሠራዊቱ ሲሄድ ይሄዳል፤ ሠራዊቱ ሲሰፍር መዶሻውን ይዞ ወደ ገደሉ ይወጣል።

ያየውንም በተራ አስቀመጠ። ከሁሉ በታች በሙቀትና በክብደት የተለወጠ አሮጌ ድንጋይ አለ። በላዩ የአሸዋ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ይህንን አዲግራት አለው። ከዚያ በላይ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል የሞላበት የኖራ ድንጋይ አለ፤ ይህንን እንጣሎ አለው። ዛጎሉም ትግራይ ባንድ ዘመን ከባሕር በታች እንደ ነበረች ይመሰክራል። በመጨረሻ ሁሉን የሸፈነውን ጥቁር ድንጋይ ለሁለት ከፍሎ፣ የታችኛውን አሸንጌ፣ የላይኛውን መቅደላ ብሎ ሰየመ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሞቱ፤ የአምባው መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳትም ተዘርፈው ወደ ባሕር ማዶ ተጫኑ። ብላንፎርድ ከዚያ በኋላ በቦጎስ በኩል እንስሳትን ሲሰበስብ ቈይቶ ተመለሰ፤ መጽሐፉም በ1870 በሎንዶን ታተመ። ብራናው ተጭኖ ሄደ፤ ተራራው ባይጫንም ስለ ተራራው የተጻፈው የታተመው እዚያው ነው። ሊቁን ስናመሰግን ይህን መርሳት አይገባንም።

ብላንፎርድ ተራውን ቢያውቅም ዓመቱን ሊቈጥር አልቻለም። በዘመኑ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ለመላዋ ምድር 100 ሚሊዮን ዓመት ያህል ብቻ ይሰጣት ነበር። በ1896 ከዩራኒየም የሚወጣው ጨረር ሲታወቅ አዲስ ሰዓት ተገኘ። በድንጋይ ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ቀልጦ የነበረው ድንጋይ ከረጋ ወዲህ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ ዕድሜው ይታወቃል። በዚህ መንገድ በ1997 የታተመ ጥናት፣ የደጋው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ እንደ ፈሰሰ አመለከተ። ንብርብሩ በየስፍራው እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይወፍራል። ያን ጊዜ ወደ አየር የወጣው ጋዝ የዓለምን አየር ምን ያህል እንደ ለወጠ ዛሬም ይመረመራል። ደግሞም ዝናብ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይዞ ወርዶ ይህን ድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟል፤ የሟሟው ወደ ባሕር ወርዶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። እንግዲህ ምድርን የሚያሞቀውን ጋዝ ያወጣው እሳተ ገሞራ፣ ድንጋዩ ሲበሰብስ መልሶ ይቀንሰዋል ማለት ነው።

ብላንፎርድ ከሕንድ አገልግሎት በ1882 ወጣ፤ የሎንዶን የጂኦሎጂ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ፤ በ1905 ሞተ። ሳያየው የሞተው አንድ ነገር ግን አለ። በታልቺር ያገኘውን የመሰለ የበረዶ ጭቃና ቋጥኝ ትግራይ ውስጥ፣ ሠራዊቱ ከሄደበት መንገድ በስተ ምዕራብ፣ በእዳጋ ዓርቢ ይገኝ ነበር። ይህም ኢትዮጵያና ሕንድ በአንድ ታላቅ ክፍለ ዓለም ወደ ደቡብ ዋልታ ቀርበው የኖሩበት ዘመን ምስክር ነው። ይህ ግኝት የታተመው ከመቅደላ ዘመቻ 103 ዓመት በኋላ፣ በ1971 ነው፤ ከሦስቱ ጸሐፊዎችም አንዱ ኢትዮጵያዊው ፀጋዬ ኃይሉ ነበር።

ይህን ምልክት ከማንም ይልቅ ሊያነብ የሚችለው ሰው በአጠገቡ አልፎ ሄደ። የዕውቀት ጉድለት አልነበረበትም፤ መንገዱን የመረጠለት ጦሩ ነበር። እኛ ግን በገዛ አገራችን የሚያስቸኵለን ጦር የለም። በሰፈራችን ለሕንፃ መሠረት ጕድጓድ ሲቆፈር ጥቂት ቆመን ከጥቁሩ አፈር በታች ያለውን እንመልከት፤ ያየነውንም እንጻፍ።