ዮሐንስ ብራምስ፦ ኀዘንተኛን ያስቀደመ የሬኩየም ደራሲ

ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ዮሐንስ ብራምስ በ1833 እ.ኤ.አ. በሐምቡርግ ተወለደ። በ1856 ለዝና ያበቃውን ወዳጁን ሮበርት ሹማንን፣ በ1865 ደግሞ እናቱን በሞት አጣ። ለመዘምራን፣ ለሁለት ነጠላ ድምፃውያንና ለኦርኬስትራ የተዘጋጀውን «የጀርመን ሬኩየም» አብዛኛውን ክፍል የጻፈው ከእናቱ ሞት በኋላ ነው።

የላቲኑ የሙታን ቅዳሴ፣ እንደ እኛው ጸሎተ ፍትሐት፣ ለሟች ነፍስ ዕረፍትን ይለምናል። ብራምስ ግን ቃላቱን ከሉተር የጀርመንኛ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ መርጦ፣ ሥራውን በኀዘንተኞች ብፅዕና ጀምሮ በሙታን ብፅዕና ፈጸመው። በ1868 በስቅለት ዓርብ ስድስት ክፍሎችን በብሬመን ካቴድራል ራሱ መርቶ አቀረበ፤ ከዚያም የእናትን ማጽናናት የሚያነሣውን አምስተኛ ክፍል ጨመረበት። ሰባቱም ክፍሎች በ1869 በላይፕዚግ ተሰሙ። ብራምስ በ1897 በቪየና አረፈ።

ለቅሶ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ በሆነበት በጋሞ፣ በተለይም በብዙ ድምፆች ቅንጅት የታወቀውን የዶርዜ ዝማሬ ለሚያጠና ተመራማሪ፣ ይህ ሥራ መሠረታዊ ጥያቄ ያቀርባል፦ በሞት ፊት በኅብረት የሚወጣው ድምፅ ሟቹን ለመሸኘት ነው ወይስ የቀሩትን ለማቆም?