የቅዝቃዜ ወሰንና ሎርድ ኬልቪን

በፊዚክስ ትምህርት ስማቸው ከሚነሣው ሊቃውንት መካከል እኔ አብልጬ የማደንቀው ሎርድ ኬልቪን የተባለውን ዊልያም ቶምሶንን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1824 ዓ.ም. በአየርላንድ በቤልፋስት ከተማ ተወለደ። የሒሳብ መምህር የነበረው አባቱ በቤት አስተማረው፤ በ10 ዓመቱ በእስኮትላንድ ወደ ግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ22 ዓመቱም በዚያው ፕሮፌሰር ሆነ።

ሙቀት የሚመጣው ከደቃቅ ቅንጣቶች እንቅስቃሴ ነው፤ ነገሩ ሲቀዘቅዝ እንቅስቃሴው ይቀንሳል። ስለዚህ ቅዝቃዜ መጨረሻ አለው። እርሱም ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ፍጹም ዜሮ ይባላል። በዚያም ቢሆን ቅንጣቶቹ ፈጽመው አይቆሙም፤ ከቶ ሊወሰድባቸው የማይችል ጥቂት እንቅስቃሴ ይቀራቸዋል። ቶምሶን በ1848 ዓ.ም. በሜርኩሪም ሆነ በአየር ጠባይ ላይ የማይመሠረት የሙቀት መለኪያ አሰበ። ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ የሚቈጥረው መለኪያም በኋላ በማዕርግ ስሙ ኬልቪን ተባለ።

53 ዓመት አስተምሮ በ1899 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተማሪ ሆኖ ተመዘገበ። በ1907 ዓ.ም. ሞቶ ለንደን ውስጥ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ከኒውተን አጠገብ ተቀበረ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! የመጨረሻው ፈተና ባለፈ ማግስት ደብተራችንን ለመዝጋት ለምንቸኩል ለእኛ፥ የዚህ ሰው ኑሮ ትልቅ ምክር ነው። ቅዝቃዜ ወሰን አለው፤ ትምህርት ግን የለውም።