ማክስ ታይለር

ማክስ ታይለር (ጃንዩዌሪ 30 ቀን 1899 – ኦገስት 11 ቀን 1972 እ.ኤ.አ.) በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራ የቫይረስ ተመራማሪ ነበር። 17ዲ የተባለውን የቢጫ ወባ ክትባት በማዘጋጀቱ በ1951 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢጫ ወባ በስም ቢመሳሰልም ከወባ የተለየ በሽታ ነው። መንስኤው ቫይረስ ሲሆን በዋነኛነት የሚተላለፈው ኤደስ በተባለች ትንኝ ነው። ጉበትን ስለሚጎዳ የታማሚው ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል።

ልጅነትና ትምህርት

ታይለር የተወለደው ፕሪቶሪያ ነው። አባቱ አርኖልድ ታይለር ከስዊዘርላንድ የመጣ ስመ ጥር የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ በመዥገር የሚተላለፈው የከብት በሽታ አምጪ ታይሌሪያ የተሰየመው በእሱ ስም ነው። አባትየው በ1896 ደቡብ አፍሪካ የደረሰውን የከብት ደስታ በሽታ ለመግታትም ሠርቷል። ይህ ወረርሽኝ ቀደም ብሎ በኢትዮጵያ ከብቱን ፈጅቶ ለክፉ ቀን ረሃብ ምክንያት የሆነው ያው ነው።

ማክስ ለንደን ውስጥ ሕክምና ተምሮ በ1922 ወደ አሜሪካ ሄደና በሃርቫርድ ሥራ ጀመረ።

ቢጫ ወባ

በዚያን ጊዜ ጃፓናዊው ሂዴዮ ኖጉቺ የቢጫ ወባ መንስኤ ባክቴሪያ ነው ብሎ ብዙዎችን አሳምኖ ነበር። ታይለርና አንድሩ ሴላርድስ በ1926 የኖጉቺ ባክቴሪያ የሌላ ሕመም መንስኤ መሆኑን አሳዩ። ኖጉቺ ነገሩን ለማጣራት ወደ አፍሪካ ተጉዞ በ1928 አክራ ላይ በዚያው በቢጫ ወባ ሞተ። ከአንድ ዓመት በፊትም ሌላው ተመራማሪ ኤድሪያን ስቶክስ ሌጎስ ላይ በዚሁ በሽታ ሞቶ ነበር። ታይለር ራሱ በ1929 በቤተ ሙከራ ተይዞ ዳነ፤ ከዚያ በኋላ ሰውነቱ በሽታውን የመከላከል አቅም ስላገኘ ያለ ስጋት ሠራ።

እስከዚያ ድረስ ምርምሩ የሚካሄደው ውድ በሆኑ ጦጣዎች ነበር። ታይለር ቫይረሱ በአይጥ አንጎል ውስጥ እንደሚራባ አገኘ። ይህም ቀላል መመርመሪያ ሰጠው፦ የአንድን ሰው የደም ውኃ ከቫይረሱ ጋር ቀላቅሎ ለአይጥ መውጋት። አይጧ ካልሞተች ሰውየው ቀድሞ በሽታው ይዞት ነበር ማለት ነው። በዚህ መንገድ በሽታው የትኞቹን አገሮች እንደነካ ካርታ ለመሥራት ተቻለ።

በ1930 ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ቤተ ሙከራ ተዛወረ። እዚያ ከባልደረቦቹ ጋር፣ በ1927 ከአሲቢ ከተባለ የዛሬዋ ጋና ሰው ደም የተገኘውን ቫይረስ በእንስሳት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ደጋግመው አራቡት። ለመጨረሻው ዘዴ የተጠቀሙት የነርቭ ክፍሉ የተወገደለትን የጫጩት ሽል ነበር። ከ89ኛው እስከ 114ኛው ዙር ባለው መካከል ቫይረሱ ገዳይነቱን አጣ፤ የመከላከል አቅም የማስገኘት ችሎታው ግን አልጠፋም። ለውጡ ለምን በዚያ ጊዜ እንደመጣ ታይለር ማስረዳት አልቻለም። ብልሃት ብቻ ሳይሆን ዕድልም ረድቶታል ማለት ይቻላል።

ከሂው ስሚዝ ጋር ውጤቱን ያሳተመው በ1937 ነው። በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥ ክትባቱ መሰጠት ጀመረ፣ በቀጣዩ ዓመትም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተከተቡ። ችግር ግን ነበረበት። ክትባቱን ለማረጋጋት የተጨመረው የሰው ደም ውኃ በሄፓታይተስ ቢ ተበክሎ በ1942 በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ታመሙ። የደም ውኃው ከዚያ በኋላ ቀረ።

ክትባቱ መኖሩ ሁሉም ጋ ደርሷል ማለት አልነበረም። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ወንዝ አካባቢ በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ ታምሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። 17ዲ ከተዘጋጀ በዚያን ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ አልፎት ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

ታይለር በ1964 ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ ሄዶ እስከ 1967 በፕሮፌሰርነት ሠራ፤ በኒው ሄቨን ከተማ አረፈ። ዛሬም የሚሰጠው የቢጫ ወባ ክትባት የሚመረተው ከ17ዲ ዝርያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 አንድ ጊዜ መከተብ ለዕድሜ ልክ እንደሚበቃ አስታውቋል።